ላም አለኝ በሰማይ፦ በሰው አገር ስለቀረ የጡረታ መዋጮ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው በሐሳቤ የሚመጣብኝ ሥራ ፈትቶ በምኞት የሚኖር ሰው ነበር። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ላሟን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ሣር አጭዶ፣ ውኃ አጠጥቶ ያሳደገ ሰውም ወተቷን ሳያይ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችን ሳሎን ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ስላየሁ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

አክስቴ ለንደን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠቅልላ አገሯ የገባች ሴት ናት። እዚያ ሳለች በመጀመሪያ ቢሮ ታጸዳ ነበር፤ በኋላም ከቤት መውጣት የማይችሉ አዛውንቶችን እየዞረች ትንከባከብ ነበር። ያጠራቀመቻትን ይዛ መጥታ እዚህ አዲስ አበባ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፈተች። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታዲያ አንድ እሑድ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«አንቺ ልጅ፣ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ ትይ የለ? እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ጡረታዬን ነዋ! ያን ሁሉ ዓመት ሲቆርጡብኝ የኖሩት ገንዘብ የት ገባ?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ተምረናል፤ ተፈትነናል፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቻለሁ። ነገር ግን አንዲት ሴት ፌስታሏን ይዛ መጥታ «ገንዘቤ የት ገባ?» ስትል የሚመለስላትን መልስ ደብተሬ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ያህል የእንግሊዝን የጡረታ ደንብ ሳገላብጥ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። በብዙዎቻችን ቤት «ውጭ አገር የሠራች» አንዲት አክስት ወይም አንድ አጎት አይጠፋምና።

አሥር ዓመት የሚሉት ነገር

በእንግሊዝ አገር ከሠራተኛው ደመወዝ «ናሽናል ኢንሹራንስ» የሚባል መዋጮ ይቆረጣል። አሠሪውም የበኩሉን ይከፍላል። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ሰፊ መልክ የያዘው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የ1942ቱን የቤቨሪጅ ሪፖርት ተከትሎ በ1946 በወጣው ሕግ ነው። ገንዘቡ በእያንዳንዱ ሰው ስም ተለይቶ የሚቀመጥ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ሰው የሚያዋጣው ዛሬ ጡረታ ላይ ላለው ይከፈላል። ለሠራተኛው የሚመዘገብለት የዓመት ቁጥር ነው። በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ፣ ማለትም ከኤፕሪል 6 እስከ በዓመቱ ኤፕሪል 5 ድረስ፣ በቂ ገቢ አግኝቶ መዋጮው ከተሟላ ያ ዓመት ይቆጠርለታል።

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2016 ወዲህ በሚሠራበት ደንብ ሙሉ ጡረታ ለማግኘት በመሠረቱ 35 የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ከዚያ ያነሰ ያለው ሰው እንደ ዓመቶቹ ብዛት ተሰልቶ ይከፈለዋል። ይሁንና አንድ አጥር አለ። ከ10 ዓመት በታች ያለው ሰው ምንም አያገኝም። ዘጠኝ ዓመት ያለው ሰው ትንሽ ተቀንሶ አይሰጠውም፤ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።

ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2010 እስከ ኤፕሪል 2016 ባለው ጊዜ የጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሰው ለሙሉው መሠረታዊ ጡረታ 30 ዓመት ይበቃው ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ያለውም ቢሆን የአንድ ዓመቱን ያገኝ ነበር። እንግዲህ አክስቴ በሠራችባቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአሥር ዓመቱ አጥር ሥራ ላይ አልዋለም ነበር ማለት ነው። አጥሩ ሥራ ላይ የዋለው እሷ አገሯ ገብታ ሱቋን ከከፈተች በኋላ ነው።

ታዲያ የእሷ ሒሳብ ስንት ሆነ? ለንደን የገባችው እ.ኤ.አ. በ2005 መገባደጃ ላይ ስለሆነ ያ ዓመት አልሞላም። የተመለሰችበትም ዓመት እንደዚሁ ጎዶሎ ነው። በመካከሉ ስምንት ሙሉ ዓመታት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ አንዱ፣ ከኤፕሪል 2009 እስከ ኤፕሪል 2010 ያለው፣ አልተቆጠረላትም። ለምን ቢባል በዚያ ዓመት ሁለት ቦታ ነበር የምትሠራው። ጠዋት አንድ ቢሮ፣ ማታ ሌላ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ከእያንዳንዳቸው በሳምንት 80 ፓውንድ ታገኛለች። ዓመት ለማስቆጠር በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ዝቅተኛ የሳምንት ደመወዝ 95 ፓውንድ ነበር። የእሷ ሲደመር 160 ይሆናል፤ ይበቃል እኮ! ሕጉ ግን የሁለት የተለያዩ አሠሪዎችን ደመወዝ አይደምርም። እያንዳንዱ ለየብቻው ከመስመሩ በታች ስለሆነ ዓመቱ ባዶ ሆኖ ቀረ።

በአጠቃላይ ሰባት ዓመት። ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ቀና ብላ የሠራች ሴት ሰባት ዓመት ብቻ ተቆጠረላት። ሰባት ማለት ደግሞ በዚያ ደንብ ዓይን ከዜሮ የሚለይ አይደለም።

በፈቃድ መክፈል ለማን ይፈቀዳል?

ደግነቱ ደንቡ ሌላ መንገድ ነበረው። ዓመት የጎደለበት ሰው ከኪሱ ከፍሎ የጎደለውን እንዲሞላ ይፈቅዳል። ይህ የፈቃድ መዋጮ ነው። በተለመደው አሠራር ወደ ኋላ እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ያለውን ክፍተት መሙላት ይቻላል።

ከእንግሊዝ ውጭ የሚኖር ሰው ግን ዝም ብሎ ተነሥቶ አይከፍልም፤ መስፈርት አለው። እ.ኤ.አ. እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2026 በነበረው ደንብ ዋናው መስፈርት ሦስት ዓመት ነበር። ወይ በአገሪቱ ውስጥ ሦስት ዓመት በተከታታይ የኖረ፣ ወይ የሦስት ዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው ማመልከት ይችል ነበር። ዋጋው ሁለት ዓይነት ነበር። ከአገር ከመውጣቱ በፊት ወዲያው እዚያ ይሠራ የነበረና አሁንም በሄደበት አገር ሥራ ላይ ያለ ሰው «ሁለተኛ ክፍል» በሚባለው ይከፍል ነበር። ይህ በ2025/26 የበጀት ዓመት በሳምንት 3 ፓውንድ ከ50፣ በዓመት 182 ፓውንድ ነበር። ሥራ ላይ ያልሆነው ደግሞ «ሦስተኛ ክፍል» በሚባለው ይከፍላል። እሱ በዚያው ዓመት በሳምንት 17 ፓውንድ ከ75፣ በዓመት 923 ፓውንድ ነበር። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አክስቴ ከሦስት ዓመት በላይ ኖራለች፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሠርታለች፤ እዚህም ሱቋን ይዛ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ለሁለተኛው ክፍል ትበቃ ነበር። ሲኤፍ 83 የሚባለውን ቅጽ አብረን ሞላን። እኔ እያነበብኩ፣ እሷ የሥራ ቦታዎቿን አድራሻ አንድ በአንድ እያስታወሰች አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ተፈቀደላትና በ2017 ዓ.ም. የሦስት ዓመቱን ከፈለች። በድምሩ 540 ፓውንድ ያህል ነው። ሰባቱ አሥር ሆኑ።

ይህ ምን ያህል ለውጥ አመጣ? በ2025/26 ሙሉው ጡረታ በሳምንት 230 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ነበር። የ35ቱ አሥር እጅ ቢያንስ 65 ፓውንድ ከ79 ይሆናል። በሳምንት ማለት ነው። እንግዲህ በሦስት ዓመት ክፍያ ከባዶ እጅ ወደ ሳምንታዊ 65 ፓውንድ ተሸጋገረች። ወተቱን ለማየት ዕድሜዋ 67 እስኪሞላ መጠበቅ ይኖርባታል፤ ግን ላሟ ቢያንስ ከሰማይ ወርዳለች።

በሩ ሲዘጋ

አክስቴ ወሬ አትደብቅም። ለአንዲት ጓደኛዋ ነገረቻቸውና እሳቸውም ፌስታላቸውን ይዘው መጡ። እኒህ ሴት 52 ዓመታቸው ነው። ለንደን የሄዱት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርተዋል፤ በኮሮናው ጊዜ ሌላው ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እሳቸው ጭንብል አድርገው ሥራ ይገቡ ነበር። በ2025 ክረምት እናታቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ሥራቸውን ትተው መጡ። ስንቆጥረው ሰባት ዓመት ተመዝግቦላቸዋል። ልክ እንደ አክስቴ።

የእሳቸው ጉዳይ ግን እንደ አክስቴ አልሆነም። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2025 ባቀረቡት በጀት ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ከኤፕሪል 6 ቀን 2026 ጀምሮ ውጭ አገር ላለ ሰው ርካሹ ሁለተኛ ክፍል ቀረ። ሁለተኛ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ላሉት ዓመታት ከውጭ ሆኖ በፈቃድ ለመክፈል የሚጠየቀው የመኖሪያ ወይም የመዋጮ መስፈርት ከሦስት ዓመት ወደ አሥር ዓመት ከፍ አለ።

እኒህ ሴት የኖሩት ስምንት ዓመት ነው፤ የተቆጠረላቸው ሰባት። ያለፈውን አንድ ዓመት ቢሞሉ እንኳ ስምንት ይሆናል። አሥር ለመድረስ የሚያስፈልጓቸው ከፊታቸው ያሉት ዓመታት ናቸው፤ እነዚያን ደግሞ መክፈል አይችሉም። «ታዲያ የከፈልኩትን ይመልሱልኛ!» አሉ። አይመለስም። የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ በሕጉ መሠረት በትክክል የተከፈለ ከሆነ፣ ሰውየው ጡረታ ላይ አልደረሰም ተብሎ ተመላሽ አይደረግም። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወረቀታቸውን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

እስቲ ደንቡን ረጋ ብለን እንመልከተው። አሥር ዓመት ያልሞላው ሰው ጡረታ የለውም። የጎደለውን ከፍሎ እንዲሞላ ግን በቅድሚያ አሥር ዓመት ሊኖረው ይገባል። አሥር የሚቆጠር ዓመት ያለው ሰው ጡረታው ተረጋግጦለታል፤ የፈቃድ መዋጮ ለእሱ ጭማሪ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ላለው ሰው ግን የፈቃድ መዋጮ ጡረታ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ልዩነት ነው። እርግጥ ነው፣ አሥር ዓመት ኖሮ ሰባት ብቻ የተቆጠረለት ሰው አዲሱም ደንብ አይከለክለውም። ነገር ግን ስምንት ዓመት ሠርቶ የወጣውን ይከለክለዋል። በሩ የተዘጋው እንግዲህ በጣም በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ ነው።

የሌላውን ወገን ክርክር እንስማ

የአንድ ወገን ወሬ ብቻ ይዞ መፍረድ ስለማይገባ የእንግሊዝ መንግሥትን ሐሳብም እናንሣ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በሁለተኛው ክፍል 182 ፓውንድ የከፈለ ሰው በዓመት 342 ፓውንድ ያህል የጡረታ ጭማሪ ያገኛል፤ ያውም ዕድሜ ልኩን። የከፈለውን በሰባት ወር ውስጥ መልሶ አገኘ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ብቻ ኖሮ የወጣ ሰው በዚህ ዋጋ ከሩቅ ሆኖ ዓመት እየገዛ ቢቀጥል፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው እዚያው ሆኖ በየወሩ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ነው። ይህ ትክክል አይደለም ቢባል እኔም እስማማለሁ። ኢኮኖሚክስ የምትማር ልጅ ይህን ካላመነች ምን ተማረች ይባላል?

ነገር ግን ለዚህ ችግር መፍትሔው ዋጋውን ማስተካከል ነው፤ እሱም ተደርጓል። በሦስተኛው ክፍል 923 ፓውንድ የሚከፍል ሰው ገንዘቡ የሚመለስለት ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ጡረታ ሲበላ ነው። እስከዚያ ድረስ በሕይወት መኖሩም የእግዜር ፈቃድ ነው። ዋጋው ከተስተካከለ በኋላ በሩን ደግሞ መዝጋት ለምን አስፈለገ?

«ከአገሪቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ትንሽ ነው» የሚለው ምክንያትም ለእኒህ ሴት አይሆንም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከደመወዛቸው ተቆርጧል፤ አሠሪያቸውም በላያቸው ከፍሏል። በዚያ ገንዘብ የእንግሊዝ አዛውንቶች ጡረታ ተከፍሏል። እኒያኑ አዛውንቶች ደግሞ በእጃቸው አጥበዋል፣ አጉርሰዋል። ከዚህ የበለጠ ግንኙነት ምን አለ?

በእኛ ሰፈር እድር እንዲህ አይደረግም። ጎረቤት ሰፈር ሲቀይር ብዙ ጊዜ እድሩን አይለቅም፤ በልጁ ወይም በወዳጁ በኩል ወርኃዊውን እየላከ ይቀጥላል። «አሥር ዓመት ስላልሞላህ ከእንግዲህ ያንተን ገንዘብ አንቀበልም፤ እስከ ዛሬ የከፈልከውም የእኛ ነው» የሚል የእድር ዳኛ ቢኖር በማግሥቱ ይወርድ ነበር።

ወይ ያስከፍሏቸው፣ ወይ ይመልሱላቸው

እንደ እኔ እምነት አንድ መንግሥት ከእንግዳ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ከቆረጠ በኋላ ሁለት ምርጫ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ወይ የጎደለውን እንዲሞላ ይፈቅድለታል፤ ወይ የራሱን ድርሻ ይመልስለታል። ሁለቱንም መከልከል ግን አግባብ አይደለም።

ይህ የማይሆን ምኞት አይደለም፤ ሌሎች ያደርጉታል። በጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ አገር ዜጋ አገሩ ተመልሶ፣ በፈቃድ የመክፈል መብት ከሌለው፣ ከ24 ወር በኋላ የራሱን የመዋጮ ድርሻ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጃፓን ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር መዋጮ ከፍሎ ለወጣ የውጭ ዜጋ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከተ፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ትሰጣለች። የጃፓኑ ጣሪያ ስላለው ሙሉውን አይተካም፤ ቢሆንም ባዶ እጅ አይሸኝም።

የእኛንም አገር ቢሆን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209 ሥርዓት ከያዘ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ ስንት መንግሥት ተለዋውጧል። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ሲወጣ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ገቡበት። በእኛም ዘንድ ለወርኃዊ አበል የሚጠየቀው ትንሹ አገልግሎት 10 ዓመት ነው፤ ልክ እንደ እንግሊዝ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው የጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሠራተኛ በእነዚህ ሕጎች ዳረጎት ይሰጠዋል። ዳረጎቱ ብዙ ላይሆን ይችላል። ግን «ሠርተሃል፤ አይተንሃል» የሚል ትርጉም አለው። ድሃዋ አገር ያደረገችውን ሀብታሟ አገር ያቅታታል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ለእንግሊዝም ቢሆን መካከለኛ መንገድ አለ ባይ ነኝ። ለምሳሌ ውጭ አገር ያለ ሰው በሙሉ ዋጋ፣ በሦስተኛው ክፍል፣ እስከ አሥረኛው ዓመት ድረስ ብቻ እንዲሞላ ቢፈቀድለት፣ ከዚያ በላይ መግዛት የሚፈልግ ካለ አሥር ዓመቱ ቢጠየቅ ችግሩ ይፈታል። በርካሽ ጡረታ የሚገዛ አይኖርም፤ ሰባት ዓመት ሠርቶም ባዶውን የሚቀር አይኖርም።

የእኛስ የቤት ሥራ?

ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ እየቀሰርን እንዳንቀር የእኛንም ጉድለት እናንሣ።

አንደኛው የስምምነት ጉዳይ ነው። እንግሊዝ ከብዙ አገሮች ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አላት። ከአንዳንዶቹ ጋር በሁለቱ አገር የተሠራው ዓመት ተደምሮ የጡረታ መብት ይታያል። ከኢትዮጵያ ጋር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ስለዚህ እኒያ ሴት እዚህ ተቀጥረው የጡረታ መዋጮ ቢከፍሉ እንኳ የእዚህ ዓመት ከእዚያ ሰባት ጋር አይደመርላቸውም። ሌላም ጣጣ አለው። የእንግሊዝ ጡረታ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ጡረተኛ ግን አይጨምርም፤ በመጀመሪያ በተከፈለው ተመን ላይ እንደቆመ ይቀራል። አክስቴ 80 ዓመት ሲሞላት የምታገኘው በ67 ዓመቷ ያገኘችውን ነው። ዜጎቻችን ወደ ውጭ ሄደው የሚልኩትን ዶላርና ፓውንድ እንቆጥራለን፤ እዚያ ጥለውት የሚመጡትን መብት ግን ማን ቆጠረው?

ሁለተኛው የራሳችን በፈቃድ የመክፈል ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 715/2003 መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የጡረታው ተካፋይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጠቅሶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። የግል ድርጅት ሠራተኛ መዋጮ 11 በመቶ በአሠሪው፣ 7 በመቶ በሠራተኛው፣ በጠቅላላው 18 በመቶ ነው። እናቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። እስቲ ንገሩኝ፣ የእናቴ አሠሪ ማን ነው? 11ዱን በመቶ ማን ይክፈልላት? 18 በመቶውስ ከየትኛው ወር ገቢ ይሰላ? ጾም ሲገባ ገበያዋ ይደራል፤ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። ደመወዝ ለሚበላ ሰው የተሰፋ ልብስ ለእሷ ልኳ አይደለም። በፈቃድ ክፈሉ ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ እንደ እቁብ ባለችው መጠን፣ በምትችለው ጊዜ፣ በስልኳ ልትከፍል የምትችልበት አሠራር ያስፈልጋታል። ያለበለዚያ የእናቴም ላም እዚያው ሰማይ ላይ ናት።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የእኔን ጽሑፍ አንብቦ ደንቡን ይለውጣል ብዬ አይደለም። ግን አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። ብዙዎቻችን ነገ ከነገ ወዲያ በትምህርትም በሥራም ወደ ውጭ እንሄድ ይሆናል፤ ዘመዶቻችንም ዛሬ እዚያ አሉ። ስትደውሉላቸው «ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ «ስንት ዓመት ተቆጥሮልሻል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። የመዋጮ መዝገባቸውን ከመመለሳቸው በፊት ይመልከቱት። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራቸውንና የደመወዝ ወረቀታቸውን አይጣሉት። ሁለት ትንንሽ ሥራ የያዘች ካለች እያንዳንዱ ደመወዝ ለየብቻው መስመሩን ማለፉን ትይ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት አንድ ዓመት ምን ያህል እንደምትከብድ ይወቅ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይሉ የለ?

የአክስቴ ጓደኛ ባለፈው ሳምንት ሱቋ ውስጥ አገኘኋቸው። እናታቸው ትንሽ ተሽሏቸዋል። ስለ ጡረታው አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ሲሰናበቱኝ ብቻ «አንቺ ተማሪ ነሽና ጻፊው፤ ሌላው እንኳ ይወቀው» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት። ቸር ይግጠመን!